ሊቀ ሠረዝ

ስብሰባ በተቀመጠበት ቦታ ሁሉ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። አጀንዳው አልቆ፣ ቃለ ጉባኤው ተነቦ፣ ሰው ደብተሩን አጥፎ ሊነሳ ሲል እጁን ያነሳና «አንዲት ነገር ብቻ» ይላል። የእሱ አንዲት ነገር ከአንድ ሰዓት በታች ፈጅታ አታውቅም።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው የዱቄት ፋብሪካ ይህን ማዕረግ የያዙት የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ የሚዛን ሠራተኛው አቶ አካለ ወልድ ናቸው። በወጣትነታቸው ሰባት ዓመት ቅኔ ቤት ተቀምጠዋል፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል በሰላም ያሳለፉበት ቀን የለም። ሥራ አስኪያጁ አቶ አለበል በሐሜት «ሊቀ ሠረዝ» ይሏቸዋል። ስሙ ጆሯቸው ሲደርስ አልተቆጡም፤ ሹመቱ በደብዳቤ እንዲሰጣቸው ጠየቁ እንጂ።

የዚህ ሁሉ መከራ ተሸካሚ የሰው ኃይል ኃላፊዋ ትሕትና ናት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማስታወቂያ በለጠፈች ቁጥር እሳቸው እስክሪብቶ ይዘው ከተፍ ይላሉ። አንድ ጊዜ የሐዘን መግለጫ ላይ «የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን» የሚለውን አይተው፣ ማኅበሩ በጥልቀቱ ላይ አልተማከረም ብለዋታል።

ዘንድሮ የኅብረት ስምምነቱ ሲታደስ ግን ነገሩ ከበድ አለ። የማለዳ ፈረቃ ሴቶች ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስተው በእግራቸው ነው የሚመጡት። ማሸጊያ ክፍል የምትሠራውን ሽታዬን መንገድ ላይ ውሻ ነክሷት ሁለት ሳምንት ተኝታለች። ማኅበሩ ሰርቪስ ጠየቀ። የአሠሪው ረቂቅ «ፋብሪካው ሰርቪስ ሊያቀርብ ይችላል» ይላል። አቶ አካለ ወልድ መነጽራቸውን አወለቁ።

«መቻሉንማ መች ተጠራጠርን» አሉ። «የጠየቅነው እንዲያደርገው ነው።»

በዚህች ቃል ላይ ስድስት ስብሰባ ተደረገ። አቶ አለበል እንሰጣለን እያልን ቃሉ ምን ያደርግላችኋል አሉ። ሊቀ መንበሩም የምትሰጡ ከሆነ ቃሉ ምን ይጎዳችኋል ብለው መለሱ። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ትሕትና ሳቋን ለመደበቅ ጉሮሮዋን ጠረገች።

በሰባተኛው ስብሰባ ሥራ አስኪያጁ ጥለው ወጡ። አቶ አካለ ወልድ በምሳ ሰዓት ሠራተኛውን ግቢ ውስጥ ሰብስበው የሆነውን አስረዱ። ከሰዓት በኋላ አቶ አለበል ትሕትናን አስጠርተው የሊቀ መንበሩን የስንብት ደብዳቤ እንድትጽፍ አዘዙ፤ ምክንያቱ ሠራተኛ ሰብስቦ ሥራ ማስተጓጎል እንዲሆን ነገሯት።

ትሕትና ይህ ሰው በተሰናበተልኝ ብላ የተመኘችበት ቀን ብዙ ነው። አሁን ምኞቷ እጇ ሲገባ ግን አልጣማትም። እምቢ ብትል ሌላ ሰው እንደሚጽፈው፣ ያም ሰው አሳምሮ እንደሚጽፈው ታውቃለች። ስለዚህ ራሷ ጻፈችው። ሥራ አስኪያጁም እንደ ልማዳቸው ሳያነቡ ፈረሙ።

አቶ አካለ ወልድ ደብዳቤውን ጠረጴዛዋ ፊት ቆመው ሦስት ጊዜ አነበቡት።

«ወይዘሮ ትሕትና፣ ‹በምሳ ሰዓት ሠራተኛ ሰብስበው ሥራ በማስተጓጎልዎ› ይላል። በምሳ ሰዓት የሚስተጓጎል ምን ሥራ አለ?»

«ቸኩዬ ይሆናል» አለች፣ ዓይኗን ከወረቀቷ ሳታነሳ።

ዘጠኝ ዓመት ጽሑፏን ሲያርሙ ኖረዋል፤ ቸኩላ የጻፈችው ግን ገጥሟቸው አያውቅም። ያወጡትን እስክሪብቶ መልሰው ኪሳቸው ከተቱ።

«ይሁን» አሉ። «እንዲሁ ጥሩ ነው።»

የፋብሪካው ጠበቃ ደብዳቤውን ሲያይ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ስንብቱ እንዲነሳ፣ ድርድሩም ቶሎ እንዲያልቅ መከረ። ሰኞ ሊቀ መንበሩ ሚዛናቸው ላይ ተገኙ። በሳምንቱ «ፋብሪካው ሰርቪስ ያቀርባል» የሚለው ተፈረመ፤ ሽታዬም የአውቶቡሱን የፊት ወንበር ያዘች። ለትሕትና ደግሞ ስለ ስንብት ደብዳቤው አጻጻፍ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት።

ኃላፊ ስለሆነች ማኅበሩ አይከራከርላትም። ይህን ከአቶ አካለ ወልድ አብልጦ የሚያውቅ የለም። በማግስቱ ግን በሯን አንኳኩተው ገቡና ወንበር ስበው ተቀመጡ። እነዚያን ሁሉ ዓመታት አንቱ ሲሏት የኖሩት ሰው ማስጠንቀቂያውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት።

«ነይ ልጄ፣ መልሱን አብረን እንጻፈው» አሏት።

የሥራ ደወል እስኪደወል ድረስ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ አልተስማሙም።