የጋሽ ይርጋ የቀንድ እስክሪብቶ

አንባቢዬ፣ ዕቃውን ሲያደንቁለት «ካማረህ ውሰደው» የሚል ሰው አጋጥሞህ ያውቃል? ምን ይጠየቃል፣ አንተም ያው ነህ!

በዚህ ልማድ የተጎዱ አንድ ሰው አሉ፤ ቶሮንቶ ውስጥ ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባለው ሰፈር ጎረቤቴ የሆኑት ጋሽ ይርጋ። ከአጋዘን ቀንድ እስክሪብቶ ይሠራሉ። በቶርኖ ማሽን ተቀርጾ የተስተካከለ ቀንድ ለእሳቸው ገና ጥሬ ነው። በሽንኩርት ልጣጭ ቀቅለው ያቀልሙታል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያሹታል፣ ደግመው ያቀልሙታል፣ በመጨረሻም ሰም ቀብተው መልክህን እስኪያሳይህ ድረስ በጋቢ ቁራጭ ይወለውሉታል። አንዷን እንዲህ ሲያሽሞነሙኑ የቶሮንቶ ክረምት አለቀ።

የዜግነት ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ የፈረሙት በዚያችው እስክሪብቶ ነበር። መሐላውን ያስፈጸመችው ዳኛ አይታ «እንዴት ታምራለች!» አለቻቸው። ጋሽ ይርጋ አሳዳጊ የበደላቸው ናቸው እንዴ? በሁለት እጃቸው ዘርግተው «ፕሊስ፣ ይውሰዷት» አሉ። በእኛ ወግ እሷ «ኧረ አይሆንም» ብላ፣ እሳቸው «በሞቴ» ብለው፣ በመጨረሻ እስክሪብቶዋ ወደ ኪሳቸው መመለስ ነበረባት። ሴትዮዋ ግን «ታንክ ዩ!» ብላ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረቻት።

በዓመቱ የእኔ ተራ ደረሰ። ጋሽ ይርጋ «እስክሪብቶዋን ደጋግመህ አድንቅ፤ ውሰዳት ትልህ ይሆናል» ብለው ላኩኝ። ዳኛዋ ያችኑ እስክሪብቶ ለፊርማ አቀበለችኝ። ስንት ሰው ፈርሞባት የቀንዷ ቀለም ፍንክች አላለም! ሦስት ጊዜ አደነቅኩ። ዳኛዋም ሦስት ጊዜ «ታንክ ዩ» ብላ፣ እስክሪብቶዋን እንድመልስላት እጇን ዘረጋች።

አፍሬ ተመልሼ ለጋሽ ይርጋ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን ደረታቸውን ነፉ፤

«አየህ? የእኔን እጅ ሥራ በይሉኝታ የሚሰጥ፣ ከእኔ ከሞኙ በቀር የለም!»