ኮር አይ ስንት ነው?

እኛ ሰፈር ኮምፒውተር ገዛሁ ብሎ ማውራት ቀላል ነገር አይደለም። «እንኳን ደስ ያለህ» ከመባሉ በፊት «ኮር አይ ስንት ነው?» ይመጣል። ሦስት ካላችሁ ከንፈር ይመጠጥላችኋል። አምስት ካላችሁ «አይ፣ እሱም ይሠራል» ብለው ያጽናኗችኋል። ሰባት ካላችሁ ግን ወንበር ይለቀቅላችኋል። ጠያቂው ኮምፒውተር ከፍቶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ቢሆንስ? ሰባት ከአምስት እንደሚበልጥ ለማወቅ ምን ኮምፒውተር ያስፈልጋል?

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ለጋብቻ ሲሆን ሰባት ቤት እንቆጥራለን። አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት እያልን የሰውን ዘር እስከ ሥሩ እንበረብራለን። ለኮምፒውተር ሲሆን ግን ፕሮሰሰሩ፣ ማለት አንጎሉ፣ ስንተኛ ትውልድ ነው፣ የዴስክቶፕ ነው ወይስ የላፕቶፕ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ግንባሩ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አይተን እንድራለን።

ይኼን ሁሉ ያወቅኩት ከባለቤቴ ከሰብለ ነው። ሰብለ እዚሁ ሳሪስ አቦ፣ ቤታችን ውስጥ፣ የሠርግ ቪዲዮ ታቀናብራለች። የምትሠራበት ዴስክቶፕ አሮጌ ነው፤ ኮር አይ ፋይቭ፣ አራተኛ ትውልድ። ወንድሟ ዳንኤል ደግሞ ሳሪስ ላይ ያገለገሉ ላፕቶፖች ይሸጣል። አንድ ቀን ኮር አይ ሰቨን የተለጠፈበት ላፕቶፕ ይዞ መጣና ከዴስክቶፑ አጠገብ አስቀመጠው። ይኼን ሣጥን ለቆራሌው ስጪው አላት።

ሰብለ ሳቀች። ያንተ ሰባት ውስጡ ሁለት ኮር፣ ማለት ሁለት ሠራተኛ ነው ያለው፣ የኔ አምስት አራት አለው አለችው። ደግሞ ያንተ ስሙ መጨረሻ ላይ «ዩ» የምትል ፊደል አለችበት፤ ባትሪ እንዳይጨርስ ጉልበቱን ይቆጥባል ማለት ነው። «ሁለት ሰው አለቃ ብለህ ስለጠራሃቸው የአራት ሰው ድንጋይ አይሸከሙልህም» አለችው። ዳንኤል ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሰባት ሰባት ነው።» እንዲህ ያለውን ሰው ምን ትሉታላችሁ?

እንግዲህ በዚህ መሀል የእማማ አስካለ ልጅ ተዳረች። እማማ አስካለ ጎረቤታችን ናቸው። የሙሽራው እናት በሠርጉ ዕለት ሆስፒታል ተኝተው ነበርና የልጃቸውን ሠርግ ሳያዩ ቀሩ። እማማ አስካለ አንጀታቸው አልቻለም። «የቅልቅሉ ዕለት ከጎኔ ቁጭ ብለሽ ታዪዋለሽ» ብለው ቃል ገቡላቸው። ቃሉን የገቡት እሳቸው፣ የሚፈጽመው የሰብለ ኮምፒውተር። ሰብለንም «በአማቾቼ ፊት እንዳታሳፍሪኝ ልጄ» አሏት።

የቅልቅሉ ዕለት ማለዳ ሰብለ የመጨረሻውን ሥራ ለዴስክቶፑ ሰጠችው። የተቆራረጠውን ሁሉ አገጣጥሞ አንድ ቪዲዮ አድርጎ የሚያወጣበት ሥራ ነው፤ ሰዓታት ይፈጃል። ዳንኤል ያንኑ ሠርግ ላፕቶፑ ላይ ገልብጦ እስቲ እንሽቀዳደም አለ። ሰብለም መጠባበቂያ ይሆነናል ብላ ፈቀደች። ዴስክቶፑ ሥራ ሲበዛበት ይግላል። ስለዚህ የጎኑን ክዳን ታወልቅለታለች፣ መስኮቱን ትከፍትለታለች፣ ቬንትሌተር ታዞርለታለች። ለኔ እንኳ እንዲህ ተጨንቃልኝ አታውቅም።

ረፋዱ ላይ አምስቱ ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ሰባቱ ገና መንገድ አጋምሶ ነበር። ዳንኤል አኩርፎ ሱቁን ሊከፍት ሄደ። ሰብለም ልቧ ረግቶ ወፍጮ ቤት ሄደች። እኔ ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ።

እማማ አስካለ መጡ። ደረሰ ወይ አሉኝ። አሁን አሁን አልኳቸውና ሻይ ላፈላ ወደ ጓዳ ገባሁ። ስመለስ መስኮቱ ተዘግቷል። ቬንትሌተሩ ጠፍቷል። ዴስክቶፑ በእማማ አስካለ ነጠላ ተጠቅልሏል።

«አንተ ልጅ፣» አሉኝ፣ «ምን ዓይነት ጭካኔ ነው? ገላው እሳት ሆኗል፤ እንዲህ ሆዱን ገልጣችሁ ንፋስ ትለቁበታላችሁ?»

ወደ ቃሊቲ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ መስኮት ለመክፈት የሞከረ ሰው ይፍረደኝ። በዚህ አገር በንፋስ ጉዳይ ተከራክሮ የረታ አለ? «እማማ፣ ለሱ እንኳ ንፋስ ይስማማዋል» አልኩ ቀስ ብዬ። «ንፋስ ለማን ተስማምቶ ያውቃል?» አሉኝ። የእናት ነጠላ ደግሞ ዓይናቸው እያየ አይገፈፍ ነገር። ሻያቸውን ጠጥተው እስኪሄዱ ልጠብቅ አልኩ። እሳቸው ሻይ ሲጠጡ አይቸኩሉም። እፍ ይላሉ፣ ፉት ይላሉ፣ ስለ ሙሽራዋ ያወራሉ። አንዴ እጄን ወደ ነጠላው ሰደድ ባደርግ «ተው፣ ይልበሰው» አሉኝ። ይሉኝታ ስንቱን አስበልቷል!

ሲያልቅ አያምር። ነጠላው ውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ስክሪኑም ጨለመ።

«አየህ፣» አሉኝ እማማ አስካለ ደስ ብሏቸው፣ «እንቅልፍ ወሰደው።»

ሰብለ ስትመለስ እሳቸው ሄደዋል። የሆነውን ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች። «የሙሽራው እናት የልጃቸው ሠርግ ሁለት ጊዜ ሊያመልጣቸው ነው» አለች። ዴስክቶፑ እስኪበርድ፣ እንደገና ከሀ እስኪጀምር፣ ቅልቅሉ ያልፋል። የቀረን ሰባቱ ነበር። እሱ ጉልበቱን ስለሚቆጥብ ብዙ አልጋለም፤ ስላልጋለም አልታዘነለትም። እማማ አስካለ ዞር ብለው እንኳ አላዩት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያልን አፍጥጠን ጠበቅነው። የእንግዶቹ መኪና ክላክስ እማማ አስካለ በር ላይ ሲሰማ ጨረሰ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም።

የሙሽራው እናት ከእማማ አስካለ ጎን ተቀምጠው አዩ። ልጃቸው ሙሉ ልብሱን ለብሶ ከቤት ሲወጣ ቴሌቪዥኑ ድረስ ሄደው መስታወቱን በእጃቸው ዳሰሱት። እኔም ዓይኔን አሸት አሸት አደረግኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያች ሰዓት የየትኛው ፕሮሰሰር ሥራ እንደሆነ ትዝ ያለው ሰው አልነበረም።

በኋላ እማማ አስካለ ሰብለን ጠጋ አሏት። ያኛው ኮምፒውተር እንዴት ዋለ አሏት። መሥራቱን ተወ፣ በላፕቶፑ ነው የጨረስነው አለቻቸው። ሴትዮዋ ደረታቸውን መቱ። «ዘግይቼ ነው የሸፈንኩት! ንፋሱ አስቀድሞ መትቶታል ለካ። ሰው ቢሆን ዳማከሴ አሽቼ አጠጣው ነበር።» ሰብለ እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። «ልክ ነዎት እማማ» አለቻቸው።

ወሬው እስከ ገበያ ደርሷል። ሰኞ ዳንኤል ሱቅ ጎራ ብል አንድ ላፕቶፕ ሲያሻሽጥ አገኘሁት። ቁጥሩንም ትውልዱንም አላነሳም። ወደ ደንበኛው ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ «ልንገርህ፣» አለው፣ «ይኼኛው ንፋስ ነክቶት አያውቅም።»

ሰውዬው ሳይከፍተው ገዛው።