የጋሽ ሙሄ ማርሚታ

እኛ ሰዎች በሽታ ማወቅ አያቅተንም። አንድ ሰው ገና ሲያስነጥስ ከየበሩ ሐኪም ይወጣል፤ አንዱ ፌጦ ያዛል፣ ሌላው ዝንጅብል፣ ሦስተኛው ደግሞ ያስነጠሰበትን ምክንያት ከአያቱ ጀምሮ ይተነትናል። የሚያቅተን ሌላ ነው። የበሽታው ምክንያት ሰው ሲሆን፣ ያም ሰው የምናከብረው ሲሆን፣ ምላሳችን ይታሰራል። «ዝም አይነቅዝም» ይባል የለ? ልክ ነው፣ አይነቅዝም። ይግላል እንጂ። እንዴት እንደሚግል በዓይኔ ስላየሁ ነው በድፍረት የማወራው።

ነገሩ በጃንሆይ ዘመን ነው። ያኔ ከአንዋር መስጊድ ወረድ ብሎ የአቡጀዲ ሱቅ ነበረኝ። ከጎኔ ሰይድ የሚባል የወሎ ልጅ ቅመማ ቅመም ይሸጥ ነበር፤ ትጉህ፣ ጨዋ፣ ዓይነ አፋር። ጨዋነቱ ግን መሪ እስኪጨብጥ ድረስ ነው። ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣልያን ላይ ያረጀች፣ ቀይ፣ ጣሪያ የሌላት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ የእሽቅድምድም መኪና ገዛ። ያ አልበቃ ብሎት «ጉልበት ይጨመርላት» ብሎ አንድ ነዳጅ መጋቢ ካርቡራተር የነበራትን ሁለት አስገጠመላት። ቀጥሎም ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታዋን አስነቅሎ ጣለው። ከዚያ በኋላ ጠዋት ሲያስነሳት ከአትክልት ተራ ሽንኩርት ጭኖ የሚመጣ አህያ ሁሉ ይደነብር ጀመር።

አንድ ዓርብ የመስጊዱ ሽማግሌዎች አስጠሩትና፣ «ልጃችን፣ ለሶላት የቆመው ሰው ኢማሙን መስማት አቃተው» አሉት። ሰይድ አፈረ። አዲስ ማርሚታ አሠራለሁ ብሎ ቃል ገባ። ማን ይሥራለት? ጣጣው የመጣው እዚህ ላይ ነው።

ሰይድ የጋሽ ሙሄን ልጅ ዘይነባን አጭቶ ነበር። ጋሽ ሙሄ ከሱቃችን ማዶ ቆርቆሮ እየቀጠቀጡ ኩራዝ፣ ማንቆርቆሪያና የውኃ ጣሳ የሚሠሩ የተከበሩ ሰው ናቸው። «ከእጄ የወጣ ዕቃ አያፈስም» ይላሉ፤ እውነትም ጠብ አይልም። የልጃቸው እጮኛ ማርሚታ እንደሚፈልግ ሲሰሙ «እኔ እያለሁ?» ብለው ሥራውን ነጠቁ። ቀጠቀጡ፣ ውስጡን በሽቦ ጥቅል ጠቀጠቁ፣ መገጣጠሚያውን ሁሉ በይደው ደፈኑና በስጦታ ገጠሙለት። መኪናዋ ስትነሳ የድመት ያህል እንኳ አልተሰማችም። ምን ያደርጋል፣ ድምፁ ብቻ ሳይሆን ጭሱም መውጫ አጣ። ዕድሜውን ሙሉ እንዳያፈስ አድርጎ የሠራ እጅ፣ የሚያስወጣ ዕቃ ሲሠራም ልማዱን አልተወም።

መኪናዋ ጋለች። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ደርሳ ስትመለስ የጭስ ቧንቧዋ ፍም ይመስላል፣ ዳገት ላይ ደግሞ እንደ አሮጌ በቅሎ ትቆማለች። ሰይድ መካኒክ ጠራ። መካኒኩ ኮፈኗን ከፍቶ አየ፣ ወደ ኋላ ዞሮ ተንበረከከና ሳቀ።

«ታፍና ነዋ! ማነው ይሄን የሠራው?»

ሰይድ በአገጩ ወደ ማዶ አመለከተው። ጋሽ ሙሄ ከበርጩማቸው ሆነው እጃቸውን አውለበለቡ። መካኒኩ ተነሣ፣ ጉልበቱን አራገፈ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ያው… ካንዴላም ሊሆን ይችላል» አለ።

እሳት የሚጭረው ካንዴላ ተቀየረ። ሁለተኛ መካኒክ መጣ፤ እሱም ተንበረከከ፣ እሱም ጠየቀ፣ እሱም ማዶ ተመለከተና ካርቡራተሮቹን ፈታ። ሦስተኛው ራዲያተሩን ወነጀለ። አንድ ደላላ ወዳጃችን ደግሞ «ቡዳ ነው» ብሎ መሪው ላይ ነጭ ሽንኩርት አሰረ። በዚያ ሁሉ መንደር በሽታውን የማያውቅ አልነበረም፤ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን ጠፋ።

«ታዲያ ሰይድ ራሱ ለምን አያወልቀውም?» ትሉኝ ይሆናል። እንዴት ብሎ! ጋሽ ሙሄ ጠዋት ጠዋት ሱቃቸውን ሳይከፍቱ፣ ሰይድ መኪናዋን እንዳቆመ ይመጡና ማርሚታውን በጣታቸው አንኳኩተው ያዳምጣሉ። ኩርፊያቸው ደግሞ የታወቀ ነው፤ ማንቆርቆሪያውን ሌላ ሰው ዘንድ ወስዶ ያስበየደ ጎረቤታቸው እስከዚያን ቀን ድረስ ሰላምታ እንደተነፈገ ነበር። ኒካው ገና አልታሰረም። «ማርሚታው ከሚወልቅ ሞተሩ ይንደድ» አለኝ ሰይድ አንድ ቀን፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። ያቺን መኪና እንዴት እንደሚወዳት አውቃለሁና፣ ዘይነባን ምን ያህል እንደሚወዳት የገባኝ ያን ቀን ነው። አንጀቴን በላው።

ሠርጉ ሲቃረብ ጋሽ ሙሄ «እስቲ እኔም ልሳፈርባት» አሉ። ማርሚታው ያለው በተሳፋሪው ወንበር ሥር ነው። ሰይድ እምቢ ይበል? በመንገድ ላይ የሆነውን ኋላ ሁለቱም ለየብቻ አጫውተውኛል።

«ሞቀዎት እንዴ፣ አባባ?»

«ኧረ የምን ሙቀት! ነፋሱ ደስ ይላል» ይላሉ ጋሽ ሙሄ፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ጎናቸው እየተቀመጡ።

ሲመለሱ መኪናዋ ከጋሽ ሙሄ ሱቅ ደጃፍ አቃስታ ቆመች። ሽማግሌው ሲወርዱ ጫማቸው ሶሉ ቀልጦ የመኪናዋ ወለል ላይ ተጣብቆ ቀረ። ሰው ተሰበሰበ። ሁሉም ጫማውን አየ፣ ሁሉም ወደ ሰማይ አንጋጠጠ። ጋሽ ሙሄ በካልሲያቸው ቆመው «ጥሩ መኪና ናት» አሉ።

ዘይነባ የአባቷን ምሳ ይዛ የደረሰችው ይህን ጊዜ ነው። ምሳ ዕቃውን እንደያዘች ጎንበስ ብላ ከሥር አየች።

«አባዬ፣ ማርሚታህ እኮ አፍኗታል! ጭሱ በየት ይውጣ? ይሄን የሚነግርህ አንድ ወንድ መርካቶ ውስጥ ጠፋ?»

የሰይድ ፊት አመድ መሰለ፤ ሠርጉ ዓይኑ እያየ ሲፈርስ ታይቶታል። ጋሽ ሙሄ ልጃቸውን አዩ፣ ማርሚታውን አዩ፣ ካልሲያቸውን አዩ። ከዚያ በርጩማቸው ላይ ዘፍ ብለው ግንባራቸውን ጠረጉ።

«እኔስ መች ጠፍቶኝ! በገጠምኩለት ማግስት ጣቴን ሲለበልበኝ አውቄዋለሁ። ጠዋት ጠዋት የማንኳኳው ‹ዛሬስ ለቀቅ ብሎ ይሆን› እያልኩ ነው። ግን ይሄ ልጅ ባየኝ ቁጥር ‹እጅዎ ይባረክ› እያለ ይመርቀኛል። ምን ብዬ ላሳፍረው?»

ሲበርድ በገዛ እጃቸው ፈቱት፣ የሽቦውን ግማሽ አወጡ፣ መውጫውን አሰፉት። መኪናዋ ተነፈሰች። ሰይድም ተነፈሰ። ኒካው በቀኑ ታሰረ።

ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ለመናገር የፈራውን ሁሉ በዘይነባ ይልክ ጀመር። እኔም ክረምቱን ሙሉ ባልዲ ደቅኜ የማድርበትን የጣሪያ ፍሳሽ ለአከራዬ ለእትዬ ብርቄ እንድትነግርልኝ ላክኋት። እየሳቀች ተመለሰች።

«ጋሼ፣ ነግሬያቸዋለሁ፤ ነገ ያሠሩታል። እሳቸውም ለእርስዎ መንገር አፍረው የቆዩት ነገር አለ።»

«ምን?»

«ማታ ማታ የሚመቱትን ክራር ቢተውልኝ ብለዋል።»

«እንዴ! በየማለዳው ‹ጣትህን ቁርጥማት አይንካው› የሚሉኝ እሳቸው አይደሉም?»

«ታዲያ ምን ይበሉ፣ ጋሼ?»

ጣሪያው በማግስቱ ተሠራ። ይኸው ቤቴ ደረቅ ነው፤ ደረቅና ጸጥ ያለ።