ሸንተረር ኔት የበረረባት አሥራ ሰባት ደቂቃ

ለክቡራን ደንበኞች፣ ለወዳጅ ዘመድና ለሚመለከተው ሁሉ፦ በሸንተረር ኔት ዋና መሥሪያ ቤት እንግዳ መቀበያ ውስጥ፣ በመስኮቱ በኩል ያለው ሦስተኛ ወንበር አራተኛ እግሩ ተጠግኖ ለአገልግሎት ዝግጁ መሆኑን በታላቅ ደስታ አበስራለሁ። መጠገኑንም በራሴ አረጋግጫለሁ፤ ትናንት ከምሳ በኋላ ተቀምጬበት እንቅልፍ ወሰደኝና ሕልም አየሁ።

ከሕልሙ በፊት ጭንቀቴን ልንገራችሁ። ሸንተረር ኔት ለዋርካ ሜዳና ለዙሪያዋ ወረዳዎች ኢንተርኔት የሚያከፋፍል ድርጅት ነው፤ እኔ ደግሞ የአሥር ዓመት ታሪኩን የምጽፍ ተቀጣሪ ነኝ። ጽሑፉ ትናንት እስከ አሥር ሰዓት አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት መድረስ ነበረበት። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ይርዳው «ታሪኩ ካልታተመ ያንተም ታሪክ እዚህ ቤት አበቃ» ብለውኛል። የጎደለኝ አንድ ገጽ ነው፤ ገጽ አሥራ አራት። በምረቃው ዕለት ኢንተርኔታችን ለአሥራ ሰባት ደቂቃ እንደ ጭልፊት በርሮ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በእግሩ ነው የሚሄደው። እንዴት እንደበረረ የሚያውቁት ያኔ ጣሪያ ላይ የነበሩት የመስመር ሠራተኛችን ጋሽ መታፈር ብቻ ናቸው። እሳቸው ደግሞ አሥር ዓመት ሙሉ ትንፍሽ አላሉም።

እኛ ቤት አንድ ልማድ አለ። ያላለቀ ሥራ ጠዋት ይላካል፤ መስመሩ ይሟሟቅ ተብሎ ነው። ማንም ፋይል ከማታ በፊት ደርሶ ስለማያውቅ፣ ያለቀው ሲዘጋጅ የፊቱን አቋርጠን እንተካዋለን። እኔም ገጽ አሥራ አራት ላይ ለራሴ አጭር ማስታወሻ ጽፌ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ላክሁት። ምሳ ሰዓት ላይ ሦስት ከመቶ ደርሷል። ተኛሁ።

በሕልሜ ሠራተኞቻችን በሙሉ እትዬ ትብለጥ ደጃፍ ተሰልፈዋል። እትዬ ትብለጥ ከመሥሪያ ቤታችን ፊት ለፊት የፀጉር ቤት ያላቸው፣ በየሳምንቱ አቤቱታ የሚያመጡ ደንበኛችን ናቸው። አሁን ግን የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ተቀምጠው ማኅተም ይዘዋል። ከሰልፉ ፊት አቶ ይርዳው ፋይል አቅፈው ቆመዋል።

«ቀጣይ!» አሉ እትዬ ትብለጥ።

«እመቤቴ፣ ኢንተርኔት ልሰጥዎት ነበር።»

«ሲስተም የለም።»

«ከሰኞ ጀምሮ እኮ እየተመላለስሁ ነው!»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግህ ወንድሜ? ሁለት ጉርድ ፎቶ ይጎድልሃል፤ አንዱ የሚስቅ፣ አንዱ የሚያለቅስ። የማማህንም የልደት ሰርተፊኬት አምጣ።»

አቶ ይርዳው ወደ እኔ ዞረው በሹክሹክታ «የማማው እናት ማን ነበረች?» አሉኝ።

«ባሕር ዛፍ» አልኋቸው። እውነቴን ነው፤ አንቴና የሰቀልንበት የመጀመሪያው ማማችን የባሕር ዛፍ ግንድ ነበር።

ይህን እንዳልሁ የብረቱ ማማ ቅጠል አወጣ። ታሪካችን ወደ ኋላ ይሮጥ ጀመር። ሦስት ሺህ ደንበኞች ራውተራቸውን እንደ ዶሮ በብብታቸው ይዘው መጥተው መለሱ። የአቶ ይርዳው ቦርጭ ገባ፤ ፀጉራቸው ከግንባራቸው ጀምሮ በቀለ፤ ደስ ብሏቸው ማበጠሪያ ለመኑኝ። ምረቃው ላይ ደረስን። የክብር እንግዳው መርፌና ክር አውጥተው የተቆረጠውን ሪባን ሰፉት፤ ሕዝቡ አጨበጨበ።

ጣሪያው ከእግራችን በታች ስለነበር ወደ ላይ ለመውጣት መሰላል ወረድሁ። ጋሽ መታፈር ቆርቆሮው ላይ ተቀምጠዋል። በዙሪያቸው ያልደረሱ መልእክቶች ወረፋ ይዘዋል። አንዱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚል መልእክት «ልጁ እኮ አምስተኛ ክፍል ገባ!» እያለ ያለቅሳል።

«ጋሽ መታፈር፣ ያን ዕለት ምን አደረጉ?»

«አይ አንተ ልጅ፣ ይኼ ነው የጨነቀህ? ቀላል እኮ ነው። ጆሮህን አምጣ።»

ጆሮዬን ነቅዬ ሰጠኋቸው። አፋቸውን ሲከፍቱ የወጣው የእትዬ ትብለጥ ድምፅ ነበር፦ «ሲስተም የለም!»

ነቃሁ። አቶ ይርዳው ትከሻዬን ይዘው ይንጡኛል፤ ቤቱ በእልልታ ቀልጧል። «በረረ! ኢንተርኔቱ በረረ!» እትዬ ትብለጥ እንኳ ደንበኛቸውን የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲን እንዳደረገች ጥለው መጥተው እያጨበጨቡ ነው። ወደ ኮምፒውተሬ ዞርሁ። መቶ ከመቶ።

አቶ ይርዳው ግንባሬን ሳሙኝ። «ማተሚያ ቤቱ ደረሰኝ ብሎ ደውሏል! በል ገጽ አሥራ አራትን አንብብልን።»

«ጌታዬ፣ ይቅርብዎት...»

«አንብብ!»

አነበብሁ። «እዚህ ላይ ጋሽ መታፈርን ለምናቸው። እምቢ ካሉ፣ አቶ ይርዳው "የኔ ብልሃት ነው ብለህ ጻፍ" ብለዋል። ቦርጫቸው የሚታይበት ፎቶ አይግባ።»

እልልታው ቆመ። እትዬ ትብለጥ ብቻ «ውይ!» ብለው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ማተሚያ ቤት ደወልን። «የተስተካከለውን እስከ አሥር ሰዓት ላኩ፤ አለዚያ በእጃችን ያለውን ሺህ ቅጂ እናትማለን» አሉ። ለአሥር ሩብ ጉዳይ ነበር። ማስታወሻዬን ሰርዤ ላክሁት። አንድ ከመቶ፣ ሁለት ከመቶ፣ ሦስት ከመቶ። ቆመ። እንደ ምረቃው ዕለት አሥራ ሰባቱ ደቂቃ አልቆ ነበር።

ያኔ ሁላችንም በበሩ በኩል ወደሚታየው የጣሪያው መሰላል ዞርን። ጋሽ መታፈር ከጣሪያው ወርደው መጨረሻው እርከን ላይ ቆመዋል። ማስታወሻው ሲነበብም እዚያው ነበሩ። በአንድ እጃቸው ሰፌድ፣ በሌላው ግማሽ ሎሚ ይዘዋል።

«ጋሽ መታፈር፣ በልጆችዎ ይዤዎታለሁ!» አሉ አቶ ይርዳው። «ያደረጉትን አንዴ ይድገሙልን! ካልሆነም ይንገሩንና እኛው እናድርገው!»

ጋሽ መታፈር ሎሚውን ኪሳቸው ከተቱ።

«አልናገርም።»

«እሺ፣ ለምን እንደማይናገሩ እንኳ ይንገሩን!»

«እሱንም አልናገርም።»