የሬዲዮኑ መዝገብ

መጀመሪያ ያየሁት ብብቱ ሥር የሸጎጠውን ሰማያዊ ፋይል ነው። ወደ ሥነ ልቦና ሐኪም የሚሄድ ሰው መሐረብ ይይዛል ብዬ ነበር፤ አጎቴ ማስረጃ ይዟል።

በየቤተሰቡ መዝገቡ ያልተዘጋ አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛው ክቡር ከሳሽ አጎቴ ነው። ክሱ፦ የዛሬ አርባ ዓመት ሬዲዮኑን የሰበረው ታላቅ ወንድሙ፣ የተገረፈው ግን እሱ። ተከሳሹ አባቴ ነው። አባቴ ይህንኑ በሰው ፊት እንደ ቀልድ አውርቶ ከሳቀ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ተኳርፈዋል። አጎቴ ፀጉር አስተካካዩንም የታክሲ ረዳቱንም "እስቲ አንተ ፍረደኝ" ይላል። እንቅልፍ እምቢ ሲለው ዘመዶች ወደዚህች ሐኪም ላኩት፤ በየማክሰኞው የማደርሰው እኔ ነኝ።

በወጣ ቁጥር ይንጨረጨራል።

"ፍረጂኝ ስላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? 'ቢፈረድልዎት ምን ይሰማዎታል?' መጀመሪያ ፍርዱን ልስማ፣ ከዚያ ይሰማኛል!"

በሌላ ሳምንት ደግሞ፦ "እኔ ሃምሳ ደቂቃ ለፈለፍኩ፣ እሷ አራት ቃል። ይሄ ሚዛን ነው?"

አንዴ የአባቴን የልጅነት ፎቶ አቀረበላት። "ዓይኑን እዪው፣ የሬዲዮ ሰባሪ ዓይን!" እሷ ግን "ያን ቀን ማን እንዲያምንዎት ፈልገው ነበር?" አለችው። ይህን ነግሮኝ ፎቶውን ወደ ፋይሉ መለሰና እስከ ፌርማታው ቀድሞኝ ሄደ።

ቤት ስገባ አባቴ "ዛሬስ ተፈረደብኝ?" ይለኛል። ይስቃል፤ መልሴን ግን ቆሞ ይጠብቃል።

ባለፈው ማክሰኞ ሐኪሟ ሃያ ደቂቃ አረፈደች። ክቡር ከሳሽ በአዲስ ክስ ታጥቀው ገቡ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል።

"ምን ሆንክ ጋሼ?"

"'ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሰዓትዎን ወሰድኩብዎት' አለችኝ። ምክንያት እንኳ አልደረደረችም! ሰው እንዲህ ይላል እንዴ? አባትሽ ይቺን ታህል ቢለኝ…"

"ጠይቀኸው ታውቃለህ?"

"ማንን?"

"አባቴን።"

መሀል መንገድ ላይ ቆመ። "አገር ምድሩን ጠይቄያለሁ" አለ ቀስ ብሎ። "እሱን… እሱንማ አልጠየቅኩትም።"

አውቶቡሳችን መጥቶ ሄደ።

"አባትሽ ቤት ነው?"

"ነው።"

የእኛን ቤት አቅጣጫ ያዘ። ልከተለው ስል ሳይዞር እጁን አወናጨፈ። "አንቺ እዚሁ ቅሪ! ምስክር ይዞ መጣ እንዳይለኝ!"

ቶሎ ቶሎ ሄደ። የሃምሳ ዓመት ሰው ለመሮጥ ሲዳዳው አይቼ አላውቅም ነበር።