ለእንግዳ የሞቀ ቤት

እኛ ሰዎች የምንከራየው አንድ ቤት ነው፤ የምንኖረው ግን በሁለት። አንደኛው እንግዳ የሚያየው ነው፤ ሶፋው ዳንቴሉን ለብሶ፣ ወለሉ ተወልውሎ፣ የቤተሰቡ ፎቶ ቀጥ ብሎ ተሰቅሎ። ሁለተኛው እንግዳው ወጥቶ በሩ ሲዘጋ ብቅ የሚለው ነው፤ በሁለት ካልሲና በኮፍያ የምንተኛበት፣ ጣሪያው ሲያንጠባጥብ ባልዲ የምናስጠጋበት። እናንተም አላችሁ፣ አትካዱ። ሃያ ዓመት ለንደን ስኖር ስንት ሐበሻ ቤት ገብቻለሁ፤ «ቤታችን ይበርዳል» ያለኝ ባለቤት ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ብርዱ ሁልጊዜ ውጭ ነው።

አሁን ታዲያ ይህ አገር አዲስ ነገር ይዞ መጥቷል። ዓለም እንዳትሞቅ የቤታችን ሙቀት በከንቱ አይውጣ ይላል። ጋዝ ማቃጠሉ ይቀንስ፣ ካርቦኑ ይቀንስ፣ አሮጌ ግድግዳ ከውጭ በኩል ወፍራም ሽፋን ይልበስ፣ መስኮቱ ድርብ መስታወት ይሁን። እኔ ተቃውሞ የለኝም፤ ያሰበውን ሰው እግዜር ይስጠው። ነገር ግን ሁሉም ቤት በአንድ ጊዜ አይለብስም፤ ቅድሚያ የሚሰጠው በጣም ለሚበርደው ነው። የትኛው ቤት በጣም እንደሚበርድ ለማወቅ ደግሞ ሰው ይላካል። ሰው ተላከ ማለት እንግዳ መጣ ማለት ነው። ጉዳችን የፈላው እዚህ ላይ ነው።

እትዬ ዘውዴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከእኔ በላይ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ሕንፃችን ሆሎዌይ የሚባለው ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ፣ ካውንስሉ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር የሚያከራየው ሕንፃ ነው፤ የእሳቸው ቤት ጥግ ላይ ስለሆነ ነፋሱ በሁለት በኩል ያገኘዋል። ሰባዎቹን አጋምሰዋል፤ ደረታቸው ደካማ ነው። ሐኪማቸው እርጥብ ቤት ለሳንባቸው እንደማይሆን ደጋግሞ ነግሯቸዋል። የመኝታ ቤታቸው ግድግዳ ግን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ እስከ ጣሪያው በሻጋታ ጠቁሯል። ማሞቂያውን የሚለኩሱት ጠዋት ለአንድ ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ጋቢያቸውን ተከናንበው ኩሽና ይውላሉ።

እኔ አውቶቡስ ነጂ ነኝ። በሕንፃችን ግን ፎርም የምሞላው፣ ደብዳቤ የማነበው፣ የማስተረጉመውም እኔው ነኝ። ለግድግዳው ሽፋን አፕላይ ያደረግሁላቸው እኔ ነኝ። ከአራት ወር በኋላ መልስ መጣ፤ ማክሰኞ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ መርማሪ ይመጣል፣ ቤቱን በመሣሪያ ቼክ ያደርጋል።

«ግርማ፣ ይህን ጥቁር ነገር ቀለም ቀባልኝ» አሉኝ ደብዳቤውን እንዳነበብኩላቸው።

«እትዬ፣ ሰውየው የሚመጣው እኮ እሱን ሊያይ ነው።»

«ይየው። እንዲህ ሆኖ ግን አይየው።»

እናታችሁ ቢሆኑ እናንተስ ምን ትሉ ነበር? ቀባሁላቸው፤ ያውም ሁለት ጊዜ። ቀለሙ ቶሎ እንዲደርቅ የራሴን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አምጥቼ ከግድግዳው ፊት ተከልኩት። ማክሰኞ ጠዋት ወደ ቤታቸው ስወጣ እሳቸው ማሞቂያውን ከንጋት ጀምሮ ለኩሰዋል፣ ምድጃው ውስጥ ድፎ ዳቦ ጥለዋል፣ ጋቢው ታጥፎ ተደብቋል። ቤቱ ድሬዳዋ ሆኖ ጠበቀኝ።

መርማሪው ትሑት ፈረንጅ ነበር። ገብቶ ጃኬቱን አወለቀ፤ ጥቂት ቆይቶ ሹራቡንም አወለቀ። መሣሪያውን ነጩ ግድግዳ ላይ አስደግፎ አነበበና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ብርድ ያስቸግራቸው እንደሆነ ጠየቀ። አስተረጎምኩ።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን በለው።»

አልኩት። ቃል በቃል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ታማኝ አስተርጓሚ ሆኜ አላውቅም። «ውሸታቸውን ነው፣ እየተንቀጠቀጡ ነው የሚኖሩት» ማለት እችል ነበር፤ እንግሊዝኛውም አልጠፋኝም። እሳቸው ግን ከፊቴ ቆመው፣ ያችን የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። መርማሪው በፎይል የተጠቀለለ ዳቦ ተሸክሞ፣ አመስግኖ ሄደ።

ደብዳቤው በሦስተኛው ሳምንት ደረሰ። ቤቱ በቂ ሙቀት ስላለውና ደረቅ ስለሆነ ለጊዜው ቅድሚያ አይሰጠውም ይላል። ስልክ ደወልኩ። ያነሳችው ሴት መርማሪው ከሄደ ወዲህ የተለወጠ ነገር እንዳለ ጠየቀችኝ።

«አዎ» አልኳት፤ «እንግዳው ሄደ።»

አልገባትም። ድጋሚ እንዲታይ መዝግባልኝ ወረፋ እንድጠብቅ ነገረችኝ። ለእትዬ ዘውዴ ስነግራቸው ቅር እንኳ አላላቸውም። «ለባሰበት ሰው ይሁን» አሉ፣ ጋቢያቸውን እየሳቡ።

ክረምቱ ገባ። ሳላቸው በጣሪያዬ በኩል ይሰማኛል። እየወጣሁ አንኳኳለሁ፤ በሩን ገርበብ አድርገው ደህና እንደሆኑ ይነግሩኛል፤ እኔም አምኜ እወርዳለሁ። አምኜ ማለቴ እንኳ ውሸት ነው። ማመኑ ስለሚቀለኝ ነው የወረድኩት። በጥር አምቡላንስ መጥቶ ወሰዳቸው። ሳንባቸው ቆስሎ ነበር። በዘጠነኛው ቀን አረፉ።

ለቅሶ እዚያው ቤታቸው ተቀመጥን። የቤተ ክርስቲያን እህቶቻቸውና ጎረቤቱ ተደምሮ አርባ ሰው ይሆናል፤ ትንፋሹ ብቻ ቤቱን አሞቀው፣ መስኮቱ ላብ አወረደ። አንዲት ሴት አጠገቤ ተቀምጠው ዙሪያውን አዩና «የታደሉ፣ እንዴት ያለ ሙቅ ቤት ነበራቸው» አሉ። እኔ የማየው በተከፈተው በር የመኝታ ቤቱን ግድግዳ ነበር። ሻጋታው ሁለት ጊዜ የቀባሁትን ነጭ ቀለም አልፎ፣ እንደ ድሮው እስከ ጣሪያው ወጥቷል። ያን ቀለም የቀባ እጄን የማደርግበት አጥቼ ኪሴ ከተትኩት። ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው፤ ሰዉ ለእትዬ ዘውዴ ብቻ መሰለው።

የድጋሚ ምርመራው የቀጠሮ ደብዳቤ በተዝካራቸው ሰሞን በበራቸው ሥር ገብቶ ተገኘ። ለመርማሪው በሩን የሚከፍት ግን አልነበረም።

አሁን ወረፋው የእኔ ቤት ላይ ደርሷል። ደብዳቤው ትናንት መጣ፤ እንደገና ማክሰኞ፣ እንደገና አምስት ሰዓት። ለባለቤቴ አነበብኩላት። ለቅሶው ላይ ከጎኔ ነበረች፤ ግድግዳውንም አይታለች፤ የሆነውን ሁሉ ከእኔ ሰምታለች። የመታጠቢያ ቤታችንን የጠቆረ ጥግ ቀና ብላ አየች።

«ቢሆንም» አለችኝ፤ «ሰው ሊገባ ነው።»

ቀለሙን ዛሬ ከሥራ ስመለስ ገዛሁት።