የግራ ጫማ ስለሚወረውሩት ምክትል ሥራ አስኪያጅ የተደረገ ስብሰባ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11። ሰዓት፦ ዘጠኝ፤ የሰብሳቢው መነጽር እስኪገኝ ዘጠኝ ተኩል።

ቦታ፦ የጫማ ፋብሪካው ናሙና ክፍል። ክፍሉን ከምክትል ሥራ አስኪያጁ ቢሮ የሚለየው ስስ ግድግዳ ስለሆነ ስብሰባው በሹክሹክታ ተካሂዷል።

የተገኙ (ከሠራተኞች አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ)፦ ሰብሳቢ፣ የሒሳብ ሹሙ፤ አባል፣ ቆዳ ቆራጩ (መቀስ እንለዋለን)፤ አቤት ባይ፣ ጫማ ሰፊዋ፤ ጸሐፊ፣ እኔ የመጋዘኑ ሽማግሌ።

ያልተገኙ፦ ሁለት አባላት። አጀንዳውን እንዳዩ የአንዱ አክስት ታመዋል፤ ሌላው አክስት ስለሌለው ራሱ ታሟል።

ለምልዓተ ጉባኤ ሦስት አባላት ያስፈልጋሉ። ሰብሳቢው ሁልጊዜ በሁለቱም ወገን ስለሚናገሩ እንደ ሁለት ሰው ተቆጥረው ስብሰባው ተጀምሯል።

አጀንዳ 1፦ የምክትሉ ውርወራ

ምክትሉ በየጠዋቱ ናሙና ያያሉ። ያልጣማቸውን በሠራው ሰው ላይ ይወረውራሉ፤ ስድቡም አብሮ ይሄዳል። ናሙና የሚሠራው ለግራ እግር ብቻ ስለሆነ እስካሁን በቀኝ ጫማ የተመታ የለም። ትናንት ሰፊዋን "ደንቆሮ" ብለው ቡት ጫማ ቅንድቧ ላይ አሳርፈዋል። አቤት ስትል ደግሞ ወደ ማስቲሽ ክፍል እንድትዛወር አዘዋል። የማስቲሽ ሽታ ደረቷን እንደሚያፍናት ሁሉም ያውቃል። ኮሚቴው አቤቱታዋን ዛሬ ለቦርዱ ካላስተላለፈ ነገ ትዛወራለች።

ሰብሳቢው፣ ምክትሉ ልባቸው ንጹሕ እንደሆነ፣ እጃቸው ብቻ ትንሽ እንደሚፈጥን አስረዱ። መቀስ፣ እንግዲያው ልባቸውን ይወርውሩልንና ቡቱን ይተዉልን የሚል ሐሳብ አቀረበ። ደጋፊ አላገኘም።

ሰፊዋ፣ "ጋሼ፣ ቃል በቃል ይጻፉልኝ። እኔ እዚህ የተቀጠርኩት ጫማ ልሰፋ ነው፤ ዒላማ ልሆን አይደለም" አለች። ተጽፏል። ሰብሳቢው "ዒላማ" የሚለው ለስለስ ይበል ብለው ጠየቁ። ጸሐፊው ቀለሙ ደርቋል ሲል መለሰ።

ከረዥም ውይይት በኋላ፦

1.1 ድርጊቱ "የናሙና ጥንካሬ ሙከራ" ተብሎ እንዲጠራ፤

1.2 ምክትሉ ከተቻላቸው ነጠላ ጫማ ብቻ እንዲወረውሩ በትሕትና እንዲለመኑ፤ ለማኝ ስለጠፋ ግን እንዲቆይ፤

1.3 ሰፊዋ የጫማ መንገድ ዘግታ በመቆሟ ይቅርታ ጠይቃ ወደ ማስቲሽ ክፍል እንድትሄድ፤

በሁለት ድምፅ ለአንድ ተወሰነ። ሰብሳቢው ሁለቱንም እጃቸውን አውጥተዋል።

አጀንዳ 2፦ ያልተያዘ

በዚህ መሐል ምክትሉ የሴት ታኮ ጫማ ይዘው ገቡና፣ በናሙና ክፍላቸው ማን እንደሚንሾካሾክ ጠየቁ። ሰብሳቢው ብድግ ብለው፣ "ጌታዬ፣ እርስዎን የሚያስከብር ውሳኔ..." ከማለታቸው ታኮው አፍንጫቸው ላይ ደረሰ። ምክትሉ፣ "አንተ ደግሞ ቁጭ በል፣ የማትረባ" ብለው ወጡ። ጫማው የግራ መሆኑ ተረጋግጧል።

ሰብሳቢው፣ "ይሄ ሰውዬ ሕግ የለበትም እንዴ?" ሲሉ ጠየቁ። መቀስ፣ "ኧረ ሙከራ ነው። ጥንካሬው እንዴት ነው?" አለ። ሰፊዋ መሐረቧን ሰጥታቸው ቀና እንዲሉ መከረች። ጸሐፊው "በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት" የሚለው ተረት ትዝ ቢለውም፣ ሰብሳቢው እንዳይከፋቸው ሳይጽፈው ቀርቷል።

ከዚህ በኋላ ሹክሹክታው ቀርቷል። ያለ ምንም ውይይት፣ ከ1.1 እስከ 1.3 የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር፣ ሰፊዋም ከማሽኗ እንዳትነሳ፣ አቤቱታውም ዛሬውኑ ለቦርዱ እንዲሄድ በሁለት ድምፅ ተወሰነ። የሰብሳቢው አንድ እጅ አፍንጫቸውን ይዞ ስለነበር አልተቆጠረም።

ሰብሳቢው በአቤቱታው ላይ ከሰፊዋ ስም በላይ የራሳቸውን ሊጽፉ ብዕር አነሱ። ሰፊዋ፣ "ወረፋ አለ፣ ጌታዬ፤ ከታች" አለቻቸው።

ከታች ፈርመዋል። ስብሰባው በአሥር ሰዓት ተኩል ተበትኗል።